ከቆጠራው በፊት

ሱዪን ነገሩን የሰማችው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ሳለች ሁለት ሴቶች እያወሩ ገቡና ቧንቧ ከፈቱ። «ዌንሎንግ ግን ቀናው» አለች አንደኛዋ፤ «ድጎማው በእናት አሳማ ብዛት አይደል የሚታሰበው? ግማሾቹ እኮ ቆጠራው ሳምንት ሲቀረው ከአጎቱ በረት የተሻገሩለት ናቸው።» ሌላይቱ ሳቅ አለች። «ቀናው ትያለሽ እንዴ? ሽማግሌውን ሸወደው በይ እንጂ! የዛሬ ዘመድ እንዲህ ነው።» የእጅ ማድረቂያው ጮኸና የቀረውን ወሬ ዋጠው። ሱዪን ኮቴያቸው እስኪርቅ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። አጎት የተባለው ሽማግሌ አማቷ ነው። የተሻገሩትን አሳማዎች ደግሞ ከግልገልነታቸው ጀምራ ያሳደገቻቸው እሷ ናት፤ እናታቸው የሞተችባቸውን ሁለቱን እንዲያውም በጡጦ።

ስትወጣ ባሏ ቦሄንግ አዳራሹ ውስጥ ትታው በሄደችበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆቡን በጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ ተቀምጧል። አዳራሹ በአሳማ አርቢዎች ተጨናንቋል። እርጥብ የዝናብ ካፖርትና የመገጣጠሚያ ሕመም ቅባት ይሸታል። ግድግዳው ላይ የአገር ውስጥ የአሳማ ሥጋ ብሉ የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ መሀሉ ላይ አንድ ወፍራም አሳማ ጥርሱን አግጦ ይስቃል። በር ላይ የቆመች ልጅ ለመጣው ሰው ሁሉ ያው የሚስቅ አሳማ የታተመበት ሽርጥ ታድላለች። «እኛ ስናለቅስ እሱ ይስቃል» አለ ከኋላቸው ያለ አንድ ሰውዬ፤ ሁለት ሦስት ሰዎች ለወጉ ያህል ሳቁለት። ሱዪን ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። የሰማችውን ልትነግረው አፏን ከፈተችና ሰዉ ብዙ መሆኑን አይታ ዘጋችው።

አሳማ የሚፈጀው በሽታ የተገኘው በመከር ወራት ነበር፤ ባሕሩ ዳር ባለ አንድ በረት ውስጥ። ማታ በዜና ተነገረ፤ ጠዋት ላይ ትራፊ ምግብ የሚጭኑ መኪናዎች በሙሉ እንዲቆሙ ታዘዘ። ሱዪንና ቦሄንግ ከተጋቡ ጀምሮ በየቀኑ የታኦዩዋንን ምግብ ቤቶች፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤቶችና ሆስፒታሉን እየዞሩ በሰማያዊ በርሜል ትራፊ ይሰበስባሉ። ሰብስበው በትልቁ ድስት ይቀቅሉታል፤ ቀቅለው ለአሳማዎቻቸው ይሰጣሉ። ለመኖ የሚያወጡት ነገር ስለሌለ ነበር ትልልቆቹ እርባታዎች ያልዋጧቸው። ትራፊው ሲከለከል መንግሥት ባዶ እጁን አልመጣም፤ ወደ ፋብሪካ መኖ መዞር ለሚፈልግ የመኖና የገንዳ ድጎማ፣ እርባታውን መተው ለሚፈልግ ደግሞ ፈቃዱን መልሶ በእናት አሳማው ልክ ካሳ እንዲወስድ ሁለት መንገድ አመጣ። ያን ሰሞን ሱዪን ዳሌዋ የተሰበረ እናቷን ልታስታምም ምያኦሊ ነበረች። ስትመለስ በረቱ ታጥቦ፣ ኖራ ተነስንሶበት፣ ባዶውን ጠበቃት። «ተቆጣጣሪው ነው በሽታው ሳይደርስ ሽጡ ያለን። ጋሼ ዌንሎንግ በዱቤ ወሰዳቸው» አላት ቦሄንግ ወደ ሌላ እያየ። አመነችው። መንግሥት ሽጡ ካለ መንግሥት ያስባል አለችና ዝም ብላ ባዶውን በረት ዳግመኛ አጠበችው።

ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ገና ወጣት ናት፤ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል። «እትዬ፣ የመጣችሁት ለመኖው ነው ለመልቀቁ?»

«ለመልቀቁ» አለች ሱዪን።

ልጅቱ ኮምፒውተሩን ተመለከተች፤ ደግማ ተመለከተች። «በቆጠራው ቀን እናንተ ጋ አንድም አሳማ አልነበረም።»

«ያልነበረው እናንተ ሽጡ ስላላችሁን ነዋ!»

«ማነው ሽጡ ያላችሁ?» ልጅቱ የእውነት ግራ ገባት። «እኛ እኮ የቤቱን በር ሁሉ እያንኳኳን ቆጠራው እስኪያልቅ ምንም እንዳትነኩ ነው ያልነው። እናንተም ጋ መጥተናል። አባትየው ናቸው ያነጋገሩን።»

ሱዪን ወደ ባሏ ዞረች። ቦሄንግ ቆቡን እያየ ነው። ልጅቱ ሰልፉ እየረዘመ መሆኑን በዓይኗ ለክታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባዶ በረት የሚካስበት ደንብ የለንም፣ እትዬ። እንዲያውም ልንገራችሁ፤ እስከሚመጣው ዓመት መጨረሻ አሳማ ካልገባበት ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል። ያኔ ካሳ የሚባል ነገር የለም። የአረጋውያን እንክብካቤ ሥልጠና አለ፤ ከፈለጋችሁ ልመዝግባችሁ።» ሱዪን ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን እምቢ ማለቷ ለልጅቱ አልተገለጠላትም፤ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ከኋላቸው ባዶዎቹ በርሜሎች በየመታጠፊያው እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ቦሄንግ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ሊይዝ ሲል «በሆስፒታሉ በኩል ሂድ» አለችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት በቁልፍ ቀራጭና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሰነቀረች አንድ ጠባብ ሱቅ አለች፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ወጥ ቤት፣ ከፊት አንድ መስኮት፣ ከላይ የቆርቆሮ ጥላ። እሷና ቦሄንግ ሱቋን ያዩዋት በሳጥን የታሸገ ምሳ ሊሸጡባት ነው። ሱዪን ምድጃው የት እንደሚሆን፣ የሩዙ ማሽን የት እንደሚገባ፣ ለታማሚ የሚሆን ጨው ያነሰው ምግብ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ ሁሉ በሐሳቧ ጨርሳለች። ሌላው ሰው የአሳማ ጭን ያለበትን ሳጥን በአገሩ ዶላር መቶ አሥር ሲሸጥ እሷ ዘጠና አምስት ልትሸጥ፣ ነርሶች ለምደው በስሟ ሊጠሯት። ካሳው ሲመጣ የሱቋ ቀብድ ሊሆን ነበር።

አከራይዋ ወይዘሮ ዦንግ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ሎሚ ይልጣሉ። «መጣሽ? በቃ ጠፋሽ ብዬ ነበር እኮ። አንድ ሻይ ሻጭ ልጅ በየቀኑ ይመጣብኛል፤ እኔ ደግሞ ለዚያች ሴትዮ ቃል አለብኝ እያልኩ እመልሰዋለሁ።»

«ይስጡት፣ እማማ» አለች ሱዪን።

«ዋጋው ነው? ዋጋው ከሆነ እንነጋገራለን።»

«ዋጋው አይደለም። አሳማዎቹ አልተቆጠሩልንም።»

አሮጊቷ ይህ ከሱቅ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባቸውም፤ ግን ፊቷን አይተው ሌላ አልጠየቁም። ከሎሚው አንዷን ሰጧት። ሱዪን ሎሚውን ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች፤ ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ተናገረች። «ያታለለን ጋሼ ዌንሎንግ ነው አይደል? ሽጡ ያለ ተቆጣጣሪ አልመጣም። እሱ ነው መጥቶ አባባን ያስፈራራቸው።»

«ተይው በቃ። ያለፈ ነገር ነው» አለ ቦሄንግ።

«ላንተ እንዴት ነው የሚያልፍልህ?»

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ቦሄንግ እንዲህ ነው፤ ከነገር መሀል ወጥቶ የሚሄድበት የራሱ በር ያለው ይመስል ፊቱ እዚያው ተቀምጦ እሱ ይጠፋል። ከላያቸው አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ዝቅ ብሎ አለፈና የመኪናውን መስተዋት አንቀጠቀጠው። የዌንሎንግ እርባታ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ «አቁም» አለችው። «ዝናብ ነው፣ ቤት እንግባ» አላት። ወርዳ በሩን በኃይል ዘጋችው።

ዌንሎንግ የቦሄንግ ታላቅ የአጎት ልጅ ነው፤ በረቱን ከነሱ በረት የሚለየው መንገድ ብቻ ነው። ሚስቱ ቺንሜይ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጣ በጨው ተዘፍዝፎ የሚቆይ የሰናፍጭ ቅጠል ትቆርጣለች። ሱዪን በሽታ እንዳይገባ በር ላይ የተነሰነሰውን ኖራ በጫማዋ ረግጣ «እትዬ ቺንሜይ» ብላ ስትጠራ፣ ከበረቱ ውስጥ መጀመሪያ አንዲት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ እናት አሳማዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ብረቱ ተንኳኳ። በድምፅዋ ለይተዋት ነው። ጠዋትና ማታ በዚህ ድምፅ ነበር የሚበሉት። ሱዪን ወደ በረቱ ላለማየት ፊቷን ወደ ቅጠሉ አዞረች፤ የሚሆን ግን አልነበረም፤ ሦስቱ አፍንጫቸውን በብረቱ መሀል አውጥተው ይነፉባታል። ከስተዋል። የፋብሪካ መኖው ገና አልለመደላቸውም።

«ሲሰሙሽ እንዲህ ይሆናሉ ብዬ ነው እኮ ያልጠራሁሽ» አለች ቺንሜይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ሱዪን አልተቀመጠችም።

«ከተማው ሁሉ የሚያወራውን ሰምቼ ነው የመጣሁት። ሽማግሌ አታላችሁ አሳማ መሰብሰብ ከየት ተማራችሁ? ብትቸገሩ አትነግሩንም ነበር?»

ቺንሜይ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው። «ባሌን ሌባ ልትይው ነው በዝናብ የመጣሽው?»

«ሌላ ምን ልበለው?»

«አማትሽን ጠይቂያቸው። በእግራቸው ነው የመጡት። ውሰዱልኝ አሉ። ዌንሎንግ ምን አላቸው መሰለሽ? ‹አጎቴ፣ ሊቆጥሩ ሊመጡ ነው እኮ፤ ትንሽ ይታገሱ› አላቸው፤ እዚህ ቁሞ፣ እኔ እየሰማሁ። ‹ለዚያ ነው የመጣሁት› አሉት። ‹ከቆጠራው በፊት ውሰዳቸውና ነገሩ ሲያልፍ ትመልስልኛለህ› አሉት። ዌንሎንግ አጎቱን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ታውቂዋለሽ።» ከዚያ ጨመረች። «እኔም እምቢ በል አላልኩትም። አልዋሽሽም። ቁጥሩ እንደሚጠቅመን አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ሱዪን በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቺንሜይ ከቴርሞሱ ሙቅ ውኃ ቀድታ ሰጠቻት፤ ሱዪን ተቀብላ ሳትጠጣ ያዘችው። ሁለቱ ሴቶች ወደዚህ ቤተሰብ የተዳሩት በተቀራረበ ጊዜ ነው። ልጅ ሲወልዱ ተራ በተራ አንዷ ለሌላዋ ዶሮ በዝንጅብል ቀቅላለች።

«ይመልስላቸዋል ታዲያ?» አለች ሱዪን በመጨረሻ።

«አይችልም። በስሙ ከተቆጠሩ ሦስት ዓመት ከበረቱ እንዳይወጡ ነው የተፈራረመው። ለሽማግሌው መንገር አቅቶት ሌሊት ይገላበጣል።» ቺንሜይ የሰናፍጩን ቅጠል እንደገና አነሳች፤ ሳትቆርጠው እጇ ላይ አገላበጠችው። «ሌላም ነገር አለ፤ አትቆጪኝ። ድጎማው ውስጥ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ግማሹን መንግሥት ይከፍላል። የዌንሎንግ ወገብ እንደሆነ አልቆለታል። እነዚህንም ከአንቺ በቀር የሚያበላቸው የለም። ሰው ከመቅጠራችን በፊት አንቺን ልጠይቅሽ እያልኩ አፈርኩ።»

«የገዛ አሳማዎቼን በደመወዝ ላበላ?»

«አፈርኩ አልኩሽ እኮ።»

ሱዪን ውኃውን ሳትቀምሰው አስቀምጣ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር በረቱ ውስጥ ያለው ጉርምርምታ ብዙ ርቀት ተከተላት።

እራት በሰዓቱ ቀረበ። ቤቱ የድሮ የጡብ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ልብስ ተነጥፎበታል፤ አማትየው ሽማግሌው ፐንግ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሱዪን ስቡ የበዛ የአሳማ ሥጋ በጨው ከቆየ የሰናፍጭ ቅጠል ጋር ሠርታለች። ሥጋው ከገበያ የተገዛ ነው፤ በዚያ ቤት ከበረት ሳይሆን ከገበያ የመጣ ሥጋ ሲቀርብ ገና መለመዱ ነው። ሽማግሌው አንድ ቁራጭ በጥንድ የመብያ እንጨት ማንሻቸው አንስተው በብርሃኑ ተመለከቱት። «በስንት ገዛሽው?» አሉ። ነገረቻቸው። «ይሄንን?» አሉና ጎረሱ። «ውኃ ነው። የፋብሪካ መኖ የበላ ነው፤ ጥርስ ላይ ይታወቃል።» ቦሄንግ ሩዙን አጎንብሶ ይበላል። ቴሌቪዥኑ ስለ ነገው ብርድ ያወራል። ሱዪን ተነሥታ አጠፋችው።

«እያየሁ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ ጋሼ ዌንሎንግ ጋ በእግርዎ የሄዱት ለምንድነው?»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው አላዩም፤ ወደሷም አላዩም። ማንሻቸውን ጎድጓዳው ሳህን ላይ አጋደሙት። ለመዋሸት ግን አልሞከሩም፤ ያ ነው ሱዪንን ይበልጥ ያቃጠላት።

«ቆጥረው ሲጨርሱ የስምህን ማኅተም አምጣ ይሉኝ ነበር» አሉ። «‹ከእንግዲህ ወዲያ አሳማ አላረባም› ብዬ ማኅተሜን እንዳሳርፍ። አባቴ ያን በረት ሲሠራ ጡቡን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እናንተ ከተማ ገብታችሁ ምሳ ልትሸጡ ቸኩላችኋል፤ አላውቅም መሰላችሁ? ብቆይ ልታስማሙኝ ትመጡ ነበር። አንቺ ታለቅሺያለሽ፣ እሱ ዝም ይላል፣ እኔም እሸነፋለሁ። ስለዚህ የምንስማማበት ነገር እንዳይኖር አደረግሁ። በቃ።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«አንቺ እናትሽ ጋ ነበርሽ።»

«ስልክ አለኝ እኮ፣ አባባ።» ማንሻዋን አስቀመጠች። «ያን ሁሉ ዓመት የሰው ትራፊ በጀርባዬ ስሸከም፣ አውቶቡስ ላይ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲርቀኝ፣ ልጄ ትምህርት ቤቷ በር ላይ እንዳትመጪብኝ ስትለኝ፣ የኔም ናቸው እያልኩ ነበር። የማን እንደሆኑ አሁን ገባኝ።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ማነው የጫናቸው?»

ቦሄንግ ሩዙን ዋጠ። «እኔ» አለ።

ከቤቱ በላይ አውሮፕላን አለፈ፤ ሦስቱም እንደ ልማዳቸው ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቁ። ካለፈም በኋላ ጠበቁ። ሱዪን የጠበቀችው ባሏን ነበር፤ አንድ ቃል፣ ፈራሁ፣ አባቴ ነው፣ አፈርኩ፣ የፈለገው ይሁን። ቦሄንግ ለአባቱ ሩዝ ጨመረላቸው።

«እንግዲያው ልንገርዎ» አለች ለሽማግሌው። «ባዶ በረት ፈቃዱ የሚቆየው እስከሚመጣው ዓመት መጨረሻ ነው። ከዚያ በራሱ ይሰረዛል። ማኅተምዎን የሚጠይቅዎ የለም። ካሳም የለም።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው» አለ ቦሄንግ።

«ዌንሎንግ ይመልስልኛል። ተነጋግረናል።»

«ሦስት ዓመት መመለስ አይችልም። ፈርሟል» አለች ሱዪን። «ሊነግርዎ ፈርቶ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ማንሻው ሰደዱና ሳያነሱት መለሱት። ሱዪን ልታዝንላቸው እንደሆነ ስታውቅ፣ ኀዘኗ ሳይቀድማት የቀረውን ተናገረች። «ከነገ ጀምሮ ጋሼ ዌንሎንግ ጋ እሠራለሁ። ግማሹን ደመወዝ መንግሥት ይከፍላል አሉኝ። ወደዚህ ቤት የሚገባው ድጎማ ያ ብቻ ነው።»

«የፐንግ ቤት ምራት በወንድሜ ልጅ በረት ቅጥረኛ ልትሆን? በሰው ፊት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ዛሬ ሰምቼ መጥቻለሁ። ዌንሎንግ ሽማግሌውን አታለላቸው ነው የሚለው። እንደዚያው ይበል፤ ከእውነቱ ይሻላል።»

ቦሄንግ «ጠዋት በመኪና አደርስሻለሁ» አለ በቀስታ። መንገድ መሻገር ብቻ መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ። ሽማግሌው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰምቶ በማያውቅ ትንሽ ድምፅ «ምሳዬንስ?» ብለው ጠየቁ።

«ድስት ውስጥ ትቼልዎ እሄዳለሁ። ማሞቅ ብቻ ነው።»

ከዚያ የሷን ሩዝ መብላት ጀመረች። ርቧት ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ሥጋው እንዳሉት ውኃ ውኃ ይላል፤ ቢሆንም በላችው። ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። የበሉበትን ጎድጓዳ ሳህንና ማንሻውን ይዘው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ሄዱ፤ ቧንቧውን ከፈቱ፤ እጅጌያቸው እየራሰ ውስጡንም ውጭውንም አሹ። ቦሄንግ ሊነሣ ብድግ ሲል ሱዪን ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ቧንቧውን ዘግተው ዞሩ። ውኃ የሚንጠባጠበውን ሳህን በሁለት እጃቸው እንደያዙ መጀመሪያ ላይኛውን መደርደሪያ፣ ቀጥሎ ታችኛውን ሣጥን፣ ከዚያ የመስኮቱን ደፍ አዩ። በተወለዱበት ቤት ውስጥ ሳህን የት እንደሚቀመጥ አያውቁም። እንድትነግራቸው ጠበቁ፤ ሱዪን ግን መብላቷን ቀጠለች።